«ዘ ማንትል»፦ ጊዜ የሚጠይቅ አልበም ለምን አላረጀም

ሜታል ሙዚቃን በጩኸቱና በፍጥነቱ ብቻ ለሚያውቅ አድማጭ፣ አጋሎክ የተባለው ቡድን የሠራው «ዘ ማንትል» ግራ የሚያጋባ አልበም ነው። በ2002 (በዚህ ግምገማ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) ከፖርትላንድ፣ ኦሪገን፣ አሜሪካ የወጣው ይህ ሥራ ከ68 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ ከዘጠኙ ክፍሎቹ አራቱ የሚዘፈን ግጥም የላቸውም፤ ግጥም ካላቸውም መካከል አጭሩ እንኳ ከአምስት ደቂቃ ያልፋል። ሬዲዮ ጣቢያ የሚወደው፣ ሕዝብ አብሮ የሚያዜመው አንድ ታዋቂ ዘፈን አላፈራም። ይህም ሆኖ ከሃያ ዓመታት በኋላ አዳዲስ አድማጮች እያገኙት፣ የቀድሞዎቹም እየተመለሱበት ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙዎች «ድባቡ» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። እኔ ግን ድባብ ብቻውን ለአንድ አልበም ይህን ያህል ዕድሜ ይሰጣል ብዬ አላምንም፤ ማሚቶና ቀዝቃዛ የኪቦርድ ድምፅ በዚያ ዘመን በየስቱዲዮው ሞልቶ ነበር፣ አብዛኛውንም ዛሬ የሚያስታውሰው የለም። «ዘ ማንትል»ን ያቆየው አሠራሩ ነው። በዚህ አልበም ውስጥ ሸክሙን የያዘው ኤሌክትሪክ ጊታሩ ሳይሆን አኩስቲክ (ያለ ኤሌክትሪክ የሚመታው) ጊታሩ ነው።

ስለ ቡድኑ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። አጋሎክ የተመሠረተው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲሆን የመጀመሪያ ሙሉ አልበሙን «ፔል ፎክሎር»ን በ1999 አወጣ። ያ ሥራ ጥሩ ቢሆንም የሰሜን አውሮፓ አሻራ በግልጽ ይታይበታል፤ የኖርዌዩን ኡልቨርና የስዊድኑን ካታቶኒያ የሚያውቅ ሰው ምንጮቹን ለማግኘት አይቸገርም። በ2001 የወጣው አጭር ሥራቸው ደግሞ ሶል ኢንቪክተስ የተባለውን የእንግሊዝ ቡድን ዘፈን እንደገና ተጫውተው ያካተቱበት ነው። ይህ ትንሽ ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚቀጥለውን አልበም ለመረዳት ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። ሶል ኢንቪክተስ የኒዮፎክ ቡድን ነው፤ በዚህ ዘርፍ አኩስቲክ ጊታሩ ሳይሰለች ደጋግሞ ይመታል፣ ድምፃዊውም ከመዝፈን ይልቅ ወደ መናገር ያዘነብላል። «ዘ ማንትል» ሲቀረጽ ጆን ሃውም ድምፁን፣ ጊታሩንና ከበሮውን ይዟል፤ ዶን አንደርሰን ጊታር፣ ጄሰን ዎልተን ደግሞ ቤዝ ተጫውተዋል። ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናቸው በድምፁ ላይ ይሰማል፤ ማንም ከማንም ጋር አይሻማም።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። በተለመደው የሜታል ቀረጻ ሁለት የሻከሩ ኤሌክትሪክ ጊታሮች ግራና ቀኙን ይሞሉታል፤ አኩስቲክ ጊታር ከመጣም በመግቢያው ወይም በመሐል ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቅ ብሎ፣ ዋናው ማዕበል ሲመለስ ይጠፋል። እንዲህ ያለው አኩስቲክ ጊታር ጌጥ ነው፤ ቢወጣም ዘፈኑ አይፈርስም። በ«ዘ ማንትል» ውስጥ ግን ነገሩ ተገልብጧል። አኩስቲኩ ከመጀመሪያው አንስቶ ሳያቋርጥ ይመታል፣ ከበሮው የሚከተለው እሱን ነው፣ የሻከረው ጊታርም ብዙ ጊዜ ከሥሩ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ከላይ አንድ ኤሌክትሪክ ጊታር ንጹሕና ቀጭን ዜማ ይስባል፤ ኖታዎቹ ጥቂት ናቸው፣ እያንዳንዱም ሳይቸኩል ይዘልቃል። ሻካራው ድምፅ ሲነሣ እንኳ አኩስቲኩ ከሥሩ እንዳለ ይሰማል። ስለዚህ ከለስላሳ ወደ ከባድ የሚደረገው ሽግግር አያስደነግጥም፤ የብርሃን መጠን ሲቀያየር እንደማየት ያለ ስሜት ይሰጣል። በየዓመቱ በሚለዋወጠው የጊታር ድምፅ ፋሽን ላይ ያልተመሠረተ ቀረጻ ቶሎ አያረጅም። በ2002 በጣም ዘመናዊ ይባሉ የነበሩ የሜታል አልበሞች ዛሬ ሲሰሙ የተሠሩበትን ዓመት ወዲያው ያስታውቃሉ፤ ከእንጨትና ከክር የሚወጣ ድምፅ ግን በቀላሉ ዓመት አይወጣለትም።

የአልበሙ መግቢያ ከሁለት ደቂቃ ተኩል ያነሰ ነው። በአኩስቲክ ጊታርና በከበሮ የተሠራ ሲሆን ሳይቋረጥ ወደ ሁለተኛው ሥራ፣ «ኢን ዘ ሻዶው ኦቭ አወር ፔል ኮምፓኒየን» ወደሚለው ይፈስሳል። ይህ ወደ 15 ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን የአልበሙ ማዕከል ነው፤ ቀሪውን ለመስማት ጊዜ የሌለው ሰው ይህን ብቻ ቢሰማ ቡድኑ ምን ማድረግ እንደሚችል ይረዳል። እንዲህ ያሉ ረጅም የሜታል ዘፈኖች ብዙውን ጊዜ አምስት አጫጭር ዘፈኖች በግድ ተሰፍተው የተሠሩ ይመስላሉ፤ ይህ ግን አንድ መንገድ ነው። ሃውም በሻካራ ሹክሹክታና በንጹሕ ድምፅ መካከል ይመላለሳል፤ ሹክሹክታው ብላክ ሜታል በሚባለው ፈጣንና ሻካራ የሜታል ዘርፍ የተለመደው ጩኸት አይደለም፣ ይልቅ ብርድ የያዘው ሰው በጆሮ አጠገብ ሲናገር ያለ ነው። መሐል ላይ ሙዚቃው ይሰክናል፣ ጊታሮቹ ይሳሳሉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ እየተገነባ ወደ መጨረሻው ከፍታ ይወጣል። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ የሚመጣው የጊታር ዜማ እጅግ ቀላል ነው፤ ለጀማሪ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ሊያስጠኑት ይቻላል። ኃይሉ የሚመጣው ከመጠበቅ ነው። አድማጩ ለአሥር ደቂቃ ያህል አብሮ ከተጓዘ በኋላ ነው የሚሰጠው፤ ተቆርጦ ብቻውን ቢሰማ ተራ ነገር ነው።

የግጥሙም ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ተናጋሪው ከዓለም ጫፍ ላይ ቆሞ ዛፎችንና ዐለቶችን ይመለከታል፤ ከሰው ርቋል፣ ከእምነትም ርቋል። ሆኖም ዘፈኑ ሲዘልቅ፣ ከፊቱ የተዘረጋው ይህ ሁሉ ግርማ ሰዎች አምላክ የሚሉት ነገር ከሆነ አምላክ አልሞተም ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። በብላክ ሜታል ዓለም ውስጥ ይህ ያልተለመደ አቋም ነበር። በዘርፉ ሃይማኖትን መስደብ የተለመደ ሥርዓት እስከመሆን ደርሶ በነበረበት ጊዜ፣ ይህ አልበም ስድብን ትቶ ኀዘንን መረጠ፤ የጎደለውን ነገር እንደጎደለ አምኖ ያለቅስለታል። እምነት ያለው አድማጭ በሐሳቡ ላይስማማ ይችላል፣ እኔም በብዙው አልስማማም፤ ነገር ግን አልበሙ እያሾፈበት እንዳልሆነ ያውቃል። እንዲህ ያለ ቅንነት አንድ ሥራ በወጣትነት ተሰምቶ ከሚተውበት ዕጣ ያድነዋል ብዬ አስባለሁ።

«ኦዳል» የተባለው ሦስተኛው ሥራ ድምፃዊ የሌለው ሲሆን ከቀደመው ከፍታ በኋላ መተንፈሻ ነው፤ በዝግታ ይገነባል፣ በመጨረሻም ፒያኖ ይቀራል። «አይ ኤም ዘ ውደን ዶርስ» ደግሞ በአልበሙ ውስጥ ለብላክ ሜታል በጣም የቀረበው ነው፤ ከበሮው ይፈጥናል፣ ድምፁም ይሻክራል። ጥሩ ዘፈን ነው፣ ግን ከሁሉ ያነሰ የምመለስበት እሱ ነው። «ዘ ሎጅ» ሲመጣ የበረዶ ላይ እርምጃ ይሰማል፤ ቀጥሎ አኩስቲክ ጊታርና ኮንትራባስ ይገባሉ፣ ለምት መሣሪያነት ያገለገለውም የአጋዘን ራስ ቅል ነው። የራስ ቅሉን ነገር በወሬ ብቻ የሰማ ሰው ለማስደመም የተደረገ ሊመስለው ይችላል። ሲሰማ ግን ደረቅና ትንሽ ድምፅ ነው፣ ማንም ካልነገረ የማይታወቅ፤ ያልጮኸ በመሆኑም ይበልጥ ተስማሚ ሆኗል።

እዚህ ላይ ስለ ሽፋኑ ማውራት ተገቢ ይሆናል። ከሽፋኑ ላይ የሚታየው ትልቅ ቀንድ ያለው ኤልክ የተባለ የአጋዘን ዝርያ ነው፤ ፎቶው ግራጫ ነው፣ ከበስተጀርባውም እርቃናቸውን የቀሩ ዛፎች አሉ። ብዙ ሰው ከጫካ ውስጥ የተነሣ ይመስለዋል። ነገር ግን እንስሳው ከነሐስ የተሠራ ሐውልት ነው፤ ሮላንድ ሂንተን ፔሪ የቀረጸው፣ የቀድሞው የፖርትላንድ ከንቲባ ዴቪድ ቶምሰን ለከተማዋ ያበረከተውና በ1900 በመሐል ከተማ የቆመው የውኃ ምንጭ አካል ነው። በ2020 በከተማዋ በነበረው የተቃውሞ ወቅት የተቀመጠበት መሠረት በእሳት በመጎዳቱ ሐውልቱ ከስፍራው ተነሥቶ ነበር። ይህ ምርጫ ለእኔ የአልበሙን ሐሳብ ከግጥሞቹ በተሻለ ይገልጻል። እነዚህ ሰዎች ስለ ዱር የሚዘምሩት ከዱር ውስጥ ሆነው አይደለም፤ መኪና በሚመላለስበት ጎዳና መሐል የቆመ ነሐስ እያዩ ነው። ፖርትላንድ ራሷም በብርድ ወራት በአብዛኛው የምትታወቀው በዝናብና በግራጫ ሰማይ እንጂ በበረዶ አይደለም፤ በረዶው ያለው ከከተማዋ በስተምሥራቅ በሚታዩት ተራሮች ላይ ነው። በአልበሙ ውስጥ ያለው ናፍቆት እንግዲህ የሩቅ ነገር ናፍቆት ነው። በዚያ አካባቢ፣ በሲያትልም ሆነ በፖርትላንድ፣ የሚኖሩ ወገኖቻችን ስለየትኛው ሰማይ እንደማወራ ያውቃሉ።

ከአልበሙ ሁለተኛ አጋማሽ ውስጥ ይበልጥ የሚማርከኝ «ዘ ሆቶርን ፓሴጅ» ነው። ከእሱ በፊት ያለው «ዩ ወር በት ኤ ጎስት ኢን ማይ አርምስ» በጠንካራ ሪፍ (ተደጋጋሚ የጊታር ሐረግ) የሚራመድና በግጥሙ የጠፋች ፍቅርን የሚያሳድድ ዘጠኝ ደቂቃ የሚያልፍ ዘፈን ነው፤ በመድረክ ላይ ለምን እንደሚወደድ መረዳት አያስቸግርም። «ሆቶርን» ግን ሌላ ነገር ነው። ስሙ ፖርትላንድ ውስጥ የአንድ ድልድይና የአንድ ጎዳና ስም ነው፤ ከ11 ደቂቃ በላይ የሚረዝም፣ የሚዘፍን ሰው የሌለበት ጉዞ ነው። ከሁለት ፊልሞች የተወሰዱ ንግግሮች በመሐሉ ይሰማሉ፤ አንደኛው ኢንግማር በርግማን በ1957 ካወጣው፣ አንድ ፈረሰኛ ጦረኛ ከሞት ጋር ቼዝ ከሚጫወትበት የስዊድን ፊልም ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የአሌሃንድሮ ሆዶሮቭስኪ «ፋንዶ ኢ ሊስ» ነው። ስዊድንኛውና ስፓኒሽኛው ሳይተረጎሙ ነው የሚሰሙት። አድማጩ ቃሉን ባይረዳም በማያውቀው ከተማ በሌሊት ሲያልፍ ከመስኮት የሚሰማውን ንግግር የሚያዳምጥ ያህል ይሰማዋል። በዚህ ሥራ ውስጥ ቡድኑ ከሜታል ይልቅ በዚያ ዘመን ፖስት ሮክ ይባል ለነበረው፣ በረጅም የመሣሪያ ቅንብር ለሚታወቀው ሙዚቃ፣ በተለይም ለካናዳው ጎድስፒድ ዩ! ብላክ ኤምፐረር ይቀርባል፤ ዛሬ ይህ ቅልቅል የተለመደ ነው፣ በ2002 ግን አልነበረም።

ስምንተኛው ሥራ የአልበሙን መግቢያ ዜማ መልሶ ያመጣል። ከአንድ ሰዓት ገደማ በፊት ያለ ቃል የተሰማው አኩስቲክ ሐረግ አሁን ግጥም ይዞ፣ ስለ ምድር ቀዝቃዛ ሞት በሚናገር ድምፅ ይመለሳል። የሁለቱ ርዕሶችም ሲያያዙ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ፤ የመጀመሪያው የሰውን ሞት ሲያከብር የኋለኛው የምድርን ሞት ይጨምራል። አልበሙ በቅደም ተከተሉ እንዲሰማ የተሠራ መሆኑ በጣም የሚታወቀው እዚህ ነው። ዘፈኖቹን አዘበራርቆ የሚያጫውት ሰው ይህን መመለስ ፈጽሞ አይሰማውም፤ ለእሱ ሁለት ተመሳሳይ ዜማ ያላቸው ዘፈኖች ብቻ ናቸው።

የመዝጊያው «ኤ ዴሶሌሽን ሶንግ» ከሁሉ ይለያል። ኤሌክትሪክ ጊታሩ ሄዷል፤ አኩስቲክ ጊታር፣ ማንዶሊንና አኮርዲዮን ቀርተዋል፣ ሃውምም እሳት ዳር ጠርሙስ ይዞ እንደተቀመጠ ሰው ያንሾካሹካል፤ ፍቅርን ይረግማል፣ ለመጥፎ ዕድሉ ጽዋ ያነሣል። አኮርዲዮንና ማንዶሊን በድሮ የአማርኛ ዘፈኖች ውስጥ ስለለመድናቸው፣ ይህ ከሩቅ የመጣ ሙዚቃ በድንገት የምናውቀው ቤት ውስጥ የገባ ይመስላል። ሌላ ቡድን ቢሆን እንዲህ ያለውን አልበም በታላቅ የጊታር ማዕበል ይዘጋው ነበር። እነሱ ግን ከምድር ሞት በኋላ የአንድ ሰካራም ብሶት አስከተሉ፤ እኔ ይህን ድፍረት እላለሁ፣ ቅር የሚሰኙበትም አሉ።

ጉድለት የሌለው ሥራ ግን አይደለም። የሃውም ንጹሕ ድምፅ ደካማ ነው፤ ክልሉ ጠባብ ነው፣ አንዳንድ ቦታ ከዜማው በታች ይንሸራተታል፣ በተለይ ሁለት ድምፅ ሲደራረብ ይሰማል። የከበሮው ነገርም እንዲሁ ነው። ዋነኛ መሣሪያው ጊታር የሆነ ሰው ስለመታው ቀላልና ቁጥብ ሆኗል፤ ለዝግታው ክፍል ይህ ጥቅም ነው፣ ፈጣኑ «ውደን ዶርስ» ላይ ግን ክብደት ይጎድለዋል። ግጥሞቹ ደግሞ ከወጣትነት ግነት አልጸዱም፤ ሞት፣ ጥላ፣ ብርድና ደም በየመስመሩ ይመላለሳሉ፣ አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ጎልማሳ ሰው ያለ ፈገግታ አያነበውም። በሦስተኛውና በአምስተኛው ሥራ መካከል ያለው የአልበሙ ክፍል ትንሽ ቢያጥር ኖሮ ምንም አይጎድልበትም ነበር። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ሆኖም ደካማው ድምፅ ለግጥሙ ተናጋሪ ይስማማዋል። ብቻውን ከበረዶ ውስጥ የቆመ ሰው የኦፔራ ጉሮሮ ቢኖረው ማን ያምነዋል?

ቡድኑ ከዚህ በኋላ ሦስት ሙሉ አልበሞችን አውጥቷል። የ2006ቱ «አሽስ አጌንስት ዘ ግሬን» ድምፁ የገዘፈና የተወለወለ ነው፤ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ዙፋኑን መልሶ ይዟል፣ ለአዲስ አድማጭም ለመግባት ይቀላል። የ2010ሩ «ማሮው ኦቭ ዘ ስፒሪት» ሆን ተብሎ እንዲሻክር ተደርጓል፤ የ2014ቱ ደግሞ ከመበተናቸው በፊት የመጨረሻቸው ሆነ። በ2016 ተበተኑ፣ በ2023 እንደገና ተሰባሰቡ። «አሽስ»ን የሚመርጡ ብዙ ናቸው፣ በዘፈን አጻጻፍ ብቻ ከተመዘነም ክርክራቸው ጠንካራ ነው። ነገር ግን ያ አልበም የሚያደርገውን ሌሎች ቡድኖችም አድርገውታል። «ዘ ማንትል»ን ተከትለው በሰሜን ምዕራብ አሜሪካና ከዚያም ውጭ ዛፍና ተራራ ሽፋናቸው ላይ ያደረጉ ቡድኖች እንደ አሸን ፈልተዋል፤ አብዛኞቹ የወሰዱት ጫካውንና ማሚቶውን ነው፣ ያንን የማያቋርጥ አኩስቲክ ጊታር ግን ትተውታል። ስለዚህም የተከታዮቹ ብዛት አልበሙን አላስረጀውም።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው አልበሙ በሲዲ፣ በሸክላና በዲጂታል ይገኛል፤ ድምፁ እንደገና ተስተካክሎ የታተመው ቅጂም አለ። ርዝመቱ ከአንድ ሸክላ ስለሚበልጥ በሁለት ሸክላዎች ይከፈላል፤ ሸክላ መገልበጥ የሚያስደስተው ሰው ይግዛው፣ እኔ ግን ሳይቋረጥ መስማቱን እመርጣለሁ። በስልክ የሚያዳምጥ ሰው በክፍሎች መካከል ዝምታ የሚያስገባውን ማስተካከያ ያጥፋ፤ አለዚያ ከመግቢያው ወደ ረጅሙ ዘፈን የሚደረገው መሸጋገሪያ ይቆረጣል። የጆሮ ማዳመጫ መልካም ነው፣ ውድ መሆን የለበትም። ሻካራ ድምፅ ፈጽሞ የማይወድ ሰው ከ«ዘ ሎጅ»ና ከ«ዘ ሆቶርን ፓሴጅ» ይጀምር፤ ሁለቱ ካልያዙት ቀሪው አይይዘውም፣ ገንዘቡንም ይቆጥብ። የሜታል አድማጭ የሆነና ለመነቃቃት ወይም ለስፖርት የሚሆን ነገር የሚፈልግ ሰውም ሌላ አልበም ቢፈልግ ይሻለዋል። ለቀሪው አድማጭ ግን ሌላ ሥራ በማይኖርበት ምሽት፣ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ እስከ አኮርዲዮኑ ድረስ፣ ዘፈን ሳይዘልሉ እንዲሰሙት እመክራለሁ።